ልጁ አድጎ ነው?

እና በሩ ላይ የቆመችዋን ሴት ምን ይበላት፣ ልጁ አድጎ ነው ብላ ጠየቀችው እንጂ ሌላ ምን አለች፣ ደገፋ ግን በአንድ እጁ በሩን በሌላው ፌስታሉን እንደያዘ ቆሟል፣ ፌስታሉ ውስጥ ሦስት ካናቴራ፣ ሁለት ሹራብ፣ ሳትጠበው የቀረች ቢጫ ኮፍያ። የለበሰው ሰባት ወር። ዘጠኝ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ፣ ይውጣ ደገፋ፣ የሚለብሰው ይልበሰው፣ ብላ ቴሌግራም ላይ የለጠፈችው ሚስቱ ንግስት ናት፣ የሕፃን ልብስ በነፃ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም፣ ለጥፋ ወደ ሥራዋ ሄደች፣ በሩን የሚከፍተው እሱ ሆነ።

ናዝሬት እባላለሁ ጋሼ፣ ከሀና ማርያም ነው የመጣሁት። እጇ ሆዷ ላይ ነው። ሁለት ቀብሬአለሁ፣ እናቴ ካደገ ልጅ ቤት ለምነሽ አልብሺው ብላኝ ነው፣ የእናት ነገር፣ አይሳቁብኝ።

አይስቅም። አድጓል ቢልስ፣ አራተኛ ክፍል ነው ቢል፣ ኳስ ሊጫወት ወጥቷል ቢል፣ ማን ሊያጣራ፣ እና ልጁ እውነት ደረጃውን ሮጦ ይወጣል፣ ጉልበቱ ተልጧል፣ ከመንገዱ ጀሞ ጀሞ የሚለው የታክሲ ረዳቱ ድምፅ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ይርቃል፣ መጋረጃው ይነፋል፣ ይረግባል፣ ደረጃው ላይ ማንም የለም።

አላደገም፣ ይላል።

እጇ ወደ ፌስታሉ ሊዘረጋ ነበር፣ ይመለሳል። እግዜር ያጽናዎት ጋሼ። ዓይኗ ወደ መውረጃው። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ፈርታ ነው።

ቆዪ። ፌስታሉን በሩ ሥር ያስቀምጣል።

አልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አለ፣ ሣጥኑ ውስጥ መዳፍ የምታህል ሸሚዝ። የደገፋ እናት ከሱ በፊት ሦስት ቀብራ ነበር፣ ላፍቶ ገና እርሻ ሳለ ከሰባት ቤት ቁራጭ ጨርቅ ለምና ሰፋችለት፣ አንዱ እጅጌ አበባ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ጀርባው የማን ቀሚስ እንደነበር ዛሬ ማን ያውቃል፣ እሷ ስትሞት እሱ አሥራ ሁለት ዓመቱ፣ ጎፋ የቆሙ የጭነት መኪናዎች ሥር ሲያድር ሸሚዟ ብብቱ ውስጥ፣ ጫማውን ወሰዱበት፣ ጥርሱን አወለቁት፣ ይቺን አልሰጠም። ለማንም። ለገዛ ልጁም። እናልብሰው አለችው ንግስት ያኔ፣ ይቆሽሻል አላት። ይቆሽሻል።

ይኸው፣ ይላል በሩ ላይ።

ማን ነው የለበሰው?

እኔ።

ታየዋለች፣ ሽበቱን፣ ቦርጩን፣ የጎደለውን ጥርስ፣ ከንፈሯ ሳታስበው ይፈታል፣ እርስዎስ በደንብ አድገዋል። ሸሚዟን መዳፏ ላይ ያኖርላታል። አታስቀምጪው፣ ይላታል፣ አልብሺው።

ትወርዳለች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስልክ ስታወራ ይሰማል፣ እማዬ፣ አገኘሁ፣ ከማን መሰለሽ፣ ከአንድ ሽማግሌ፣ ኧረ እውነቴን ነው፣ ራሱ የለበሰው፣ ድምጿ ከደረጃ ደረጃ ይቀጥናል፣ ደገፋ ባዶ እጁን እያየ በሩን አልዘጋም፣ ሽማግሌ፣ ይላል ቀስ ብሎ ለገዛ እናቱ፣ ሰምተሻል እማዬ፣ ሽማግሌ