የእንቅልፌ ስም ሲጠራ

የእኛ የግንብ ጠባቂዎች ማኅበር ሙት አይሰርዝም። አንዳችን ስንወድቅ ስማችን ከመዝገብ አይወጣም፤ በየማለዳው ስም ሲጠራ የሟች የቅርብ ሰው «አለሁ!» ብሎ ይመልስለታል። ሲጀመር ጠላት ከማዶ ሰምቶ ብዛታችንን እንዲፈራ ነበር አሉ። እየዋለ እያደረ ግን ለእኛው መጽናኛ ሆነ።

እኔ መለከት ነፊው ለታናሽ ወንድሜ ሰባት ዓመት መልሻለሁ። እንቅልፌ ነበር የምንለው፤ ቤት ቢቃጠል የማይነቃ ጉድ! ስሙ ሲጠራ ድምፄን ቀጠን አድርጌ «አለሁ!» እላለሁ። ለጠላት ብዬ አይደለም። ከግንቡ ሥር ባለው መንደር እናታችን በሯ ላይ ቆማ ትሰማለች። ጠባቂ ያለ ትእዛዝ አይወርድም፣ የመንደር ሰውም አይወጣም፤ ስለዚህ የሁለት ልጆቿ ወሬ ይኸው ድምፅ ብቻ ነው። መሞቱን አላስነገርኳትም። ፈርቼ ነው፤ አልክድም።

ባለፈው ሳምንት የቤተ መንግሥት መልእክተኛ መጣ። ጠላት ተነሥቷል፣ በአሥር ቀን ይደርሳል አለን። አለቃችን ጦር ይላክልን ቢሉት ሰውየው ሳቀ።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሌላ ትለምናላችሁ? መዝገባችሁ በየዓመቱ ሙሉ ሆኖ ነው የሚመጣው።»

አለቃችን ወደ መኝታ ቤቱ አስገቡት። ረድፍ ሙሉ አልጋ በወጉ ተነጥፏል፤ የሚተኛባቸው ግን እሳቸው፣ ወጥ ቤቱ፣ አንካሳው ቀስተኛና እኔ ብቻ ነን። የሰውየው ሳቅ እዚያው ቀረ። አለቃችንም አንዱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አዲስ ሰው አይልኩልንም ብዬ ቤተ መንግሥትን ስረግም ኖርኩ» አሉ። «ለካ የገዛ ጉዳችን ነው።»

እውነቱን ጽፎ መላክ ደግሞ አይበቃም። በደንባችን ስም የሚሰረዘው መላሹ ራሱ በማለዳው ጥሪ ላይ «የለም» ሲል ነው። ያለዚያ ማኅተም አያርፍበትም፤ ማኅተም የሌለውን መዝገብ ደግሞ ቤተ መንግሥት አይቀበልም።

በማግስቱ ማለዳ መለከቱን ነፋሁ። አለቃችን መጥራት ጀመሩ። ወጥ ቤቱ ለዘጠና ሰው ይመልስ ነበር፤ የጎርናናውን በጎርናና፣ የኮልታፋውን በኮልታፋ፣ በደህናው ቀን ሆዳችን እስኪቆስል ያስቀን ነበር። ያን ዕለት ዘጠና ጊዜ «የለም» ሲል ድምፁ የራሱ ብቻ ነበር።

«እንቅልፌ!»

ቁልቁል ወደ መንደሩ አየሁ። የእናታችን በር ክፍት መሆኑ ከላይ ይታያል።

«እንቅልፌ!»

«አለሁ» ብል ቀስተኛውም የራሱን ሙታን «የለም» ለማለት ልቡ እንቢ ይለዋል። ጦሩ ካልመጣ መንደሩ የጠላት ሲሳይ ነው፤ እሷም ጭምር።

«እንቅልፌ!» አሉ አለቃችን ሦስተኛ፤ ድምፃቸው ለምኖኛል።

«የለም!» ብዬ ጮኽኩ።

መልእክተኛው አራት ስም ብቻ የቀረበትን መዝገብ ይዞ በፈረስ ሸመጠጠ። አለቃችን ደግሞ ጦሩ እስኪደርስ መንደሩን አሸሽ ብለው አዘዙኝ። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። እናቴ ያን ሁሉ «የለም» ሰምታ ኖሮ ጓዟን ቋጥራ በሯ ላይ ቆማለች። እግሯ ላይ ወደቅኩ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ተነሥ ልጄ። ወንድምህ ሦስቴ ሳይጠራ አቤት ብሎ ያውቃል? እዚያ ግንብ ላይም ሦስቴ ነበር የሚያስጠራው። አንድ ቀን ግን ባንድ ጥሪ መለሰ። ያኔውኑ አልቅሼ ጨረስኩ።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት በሩ ላይ ቆመሽ ምን ስትሰሚ ነበር?»

«አንተን ነዋ» አለች፣ አቧራዬን እያራገፈች። «በቀን ሁለት ጊዜ።»