ሁለት ፕሮግራም፣ አንድ ቁልፍ

ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። የሚቀመጠው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው የሉቅማን ሱቅ፣ ከሚዛኑ ጀርባ ከተመታ ምስማር ላይ ነው።

የምሥራችና ናሁሰናይ ሲፋቱ ሽማግሌዎቹ የፈረዱት እንዲህ ነበር። ቤቱ የልጅቷ ነው፤ የሰባት ዓመቷ ዮርዲ ከቦታዋ አትነቃነቅም፤ የሚመላለሱት ወላጆቿ ናቸው። አባቷ ሲበር እናቷ ቤት ትሆናለች፣ እናቷ ስትበር አባቷ። ሁለቱም የሚሠሩት ሁለት አውሮፕላን ባለው በደጫቱ በረራ ነው፤ እሱ ካፒቴን፣ እሷ የበረራ አስተናጋጆች አለቃ። ሁለት ቁልፍ ይቀረጽ ሲባል ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "ሁለት ቁልፍ ካለ አንድ ቀን ሁለታችሁም ውስጥ ትገኛላችሁ። ያን ቀን እኛን የምትጠሩን ለዕርቅ አይደለም" አለ። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ደብተር አለ። "ትናንት አስቀምጧት ነበር፣ አሁን ደህና ናት።" "ሐሙስ የወላጅ ስብሰባ።" "ጥርሷ ወልቋል፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።" ከዚህ የዘለለ ቃል አይጻፍበትም።

ይህ ሁሉ የቆመው ማንም ልብ ባላለው ነገር ላይ ነበር። የአብራሪዎቹን ፕሮግራም የሚያወጣው ቢሮው ነው፤ በረራውም ዕረፍቱም በሰዓት ተለክቶ። የአስተናጋጆቹን ግን የምታወጣው አለቃቸው ናት። የአብራሪዎቹ ፕሮግራም ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ የምሥራች፣ ናሁሰናይ የሚያርፍባቸውን ቀናት ትለቅምና የራሷን ስም እዚያ ላይ ትጽፋለች። የተረፈውን ለሌሎቹ ሰባት ሴቶች ታከፋፍላለች። የተረፈው ሁልጊዜ ጥሩ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ ከሰባቱ አንዷ፣ ኢክራን፣ ወደቀች። ከጎዴ ሲመለሱ፣ በዚያ ቀን አምስተኛው በረራዋ ላይ፣ የምግብ ጋሪውን እንደያዘች። ግንባሯ አራት ቦታ ተሰፋ። አውሮፕላኑን ያበረረው ናሁሰናይ ነበርና ሪፖርቱን የጻፈው እሱ ነው። "አስተናጋጇ ቁርስ አልበላችም" ይላል። ሌላ ነገር አይልም።

በሳምንቱ የምሥራች አቤቱታ ጻፈች። አብራሪ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያርፍ አስተናጋጅ ሰባት የምታርፍበት ምክንያት ይነገረን፤ ዕረፍታችን እኩል ይሁን። ስምንቱም ፈረሙ።

መልሱ በሦስተኛው ወር መጣ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አብዲቃድር ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው ቢሮ ጠራቸው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የምድር ባቡሩ ሰዎች የሠሩት የድሮ ቪላ ነው። አብራሪዎቹን ወክሎ ናሁሰናይ መጣ፤ አስተናጋጆቹን ወክለው የምሥራችና ኢክራን። ናሁሰናይ ወንበሩን ከየምሥራች ማዶ ሳበ።

"ጠይቃችኋል፣ ሰጥተናል" አለ አብዲቃድር። "ዕረፍታችሁ እኩል እንዲሆን ያለው መንገድ አንድ ነው። አንድ ፕሮግራም። ፓይለቱም ሆስተሷም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ያርፋሉ። ሁለት ቡድን ይኖረናል፤ አንዱ ሳምንቱን ይሠራል፣ አንዱ ያርፋል፣ አርብ አርብ ይለዋወጣሉ። የቀረው ሁለት ፊርማ ብቻ ነው፤ አንድ ከአብራሪዎቹ፣ አንድ ከአስተናጋጆቹ።"

ናሁሰናይ ወረቀቱን አልነካውም። "አብራሪ ሲደክመው ሰው ይሞታል። አስተናጋጅ ሲደክማት ሻይ ይዘገያል። ይሄ እኩል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?"

የመለሰችለት ኢክራን ናት። እንደ ድሬ ልጅ፣ ለካፒቴንም ለሥራ አስኪያጅም አንተ ነው የምትለው። "አንተ ተቀምጠህ ነው የምትደክመው፤ እኔ ቆሜ። ጭስ የተነሳ ቀን ደግሞ ስልሳ ሰው የሚያስወጣውን በር የምከፍተው እኔ ነኝ። አንተ የራስህ መውጫ መስኮት አለህ አቦ።"

"መስኮቱን የምጠቀመው መጨረሻ ላይ ነው።"

"ኢንሻአላህ።"

አብዲቃድር ሳቁን በመሐረብ ሸፈነ። ከዚያ የቡድኖቹን ዝርዝር አከፋፈለ። የተመደበው በማዕረግ ነበር። አንደኛ ቡድን፣ ካፒቴን ናሁሰናይ፤ የአስተናጋጆች አለቃ የምሥራች። ሁለተኛው ቡድን ከእነሱ በታች ባሉት ተሞልቷል፤ የአስተናጋጆቹ አለቃ ማርያን ናት።

የምሥራች ስሞቹን ሁለት ጊዜ አነበበች። አብረው ይወጣሉ። ተራቸው በሆነበት ሳምንት ሁሉ፣ ሁለቱም በአየር ላይ ሲሆኑ፣ ዮርዲ ሳቢያን ብቻዋን ናት። ቀና ስትል ናሁሰናይም ወረቀቱን ማንበብ ጨርሶ ነበር።

የአብዲቃድር ስልክ ጮኸ። "አምስት ደቂቃ" ብሎ ወጣ። ናሁሰናይ ተነስቶ በረንዳውን በአገጩ አመለከታት። ተከትላው ወጣች። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ንግግራቸው ይህ ሆነ።

"ሁለተኛ ቡድን ግቢ" አላት።

"አንተ ግባ።"

"እኔ ቀዳሚው ካፒቴን ነኝ።"

"እኔስ?"

"ማርያን አለቃ ሆናለች፤ ከሷ ሥር ትሆኛለሽ። ምን ይደርስብሻል? የሚቀርብሽ አንድ የአለቃ ባጅ ነው።"

"ያንተ ትከሻ ላይ አራት መስመር አለ። አንዱን ቀንሰው።"

"በፍጹም አላደርገውም።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሲጣሉም እንዲህ ነበር፤ ለበረራ መቆጣጠሪያው ማማ የሚያወራ ይመስላል። "ካልፈለግሽ አልፈርምም። እኩል ዕረፍትሽ ይቀራል፣ ሴቶቹ በሰባት ሰዓታቸው ይኖራሉ። ወይ ደግሞ እፈርማለሁ፤ ዮርዲ እዚሁ ከዚራ እናቴ ጋ ትገባለች። እናቴ አትበርም።"

"ሽማግሌዎቹ…"

"ሽማግሌዎቹ ሲፈርዱ ሁለት ፕሮግራም ነበር። አንድ እንዲሆን የጠየቅሽው አንቺ ነሽ።"

የምሥራች የበረንዳውን መደገፊያ ያዘች። ብረቱ ከጠዋቱ ጀምሮ ግሏል። አልለቀቀችውም።

"አንድ ነገር ልጨምርልሽ" አለ። "ኢክራን የወደቀችው በማን ቀን እንደሆነ ልንገራቸው?"

እጇን ከብረቱ አነሳች።

"ሰሌዳው ላይ አይቼዋለሁ። ያን ቀን የተጻፈው ስም ያንቺ ነበር። እኔ ዕረፍት ነበርኩ። ሌላው ካፒቴን ሲታመም እኔ ተጠራሁ፤ አንቺ ስምሽን ሰርዘሽ፣ ማታ የገባችውን ልጅ ለጠዋት ጻፍሻት። በአንድ ቀጭን መስመር ነው የሰረዝሽው። እንዳይነበብ እንኳ አላደረግሽም።"

"አንተ ስለተጠራህ ነው። ዮርዲን ማን ይያዛት?"

"ብትደውዪልኝ እናቴን እልክ ነበር። አንድ ስልክ ነው።"

"አንተስ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ደውለህ ታውቃለህ? ሲጠሩህ 'ተጠርቻለሁ፣ ልጅቷን ምን እናድርግ' ብለሃል? ሰሌዳውን ብቻ እንዳነብ ተውከኝ። ያየሁትን አደረግሁ።"

"እኔ ማንንም አልጣልኩም።"

"አምስተኛ በረራዋ መሆኑን ትተህ ቁርስ አልበላችም ብለህ የጻፍከው ግን አንተ ነህ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አነሳ። ከውስጥ የአብዲቃድር ድምፅ ተሰማ። "ሁለተኛ ቡድን እገባለሁ ትያለሽ" አለ ቀስ ብሎ። "ወይ እኔ የሰሌዳውን ነገር እላለሁ። ምረጪ።"

ገቡ። የምሥራች ሳትቀመጥ ተናገረች። ከዘገየች እሱ እንደሚቀድማት፣ እሱ ከቀደማት ደግሞ ነገሩ የእሱ እንደሚሆን ታውቅ ነበር።

"ኢክራን የወደቀች ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ስሜን ሰርዤ የሷን ጻፍኩ። ማታ ሦስት ሰዓት መግባቷን አውቅ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ፕሮግራሙን ያወጣሁት ለልጄ በሚመች መንገድ ነው፤ ዋጋውን የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ።"

ናሁሰናይ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። አብዲቃድር ወደ ኢክራን ዞረ።

ኢክራን ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አልነካችም። "አውቃለሁ" አለች። "ሰሌዳውን እኔም አነባለሁ። ሆስፒታል ብርቱካን ይዘሽ ስትመጪ ዛሬ ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ስለ ሙቀቱ አወራሽኝ። ብርቱካኑን በላሁት።"

"ታዲያ አቤቱታውን ለምን ፈረምሽ?" አለቻት የምሥራች።

"አቤቱታው ልክ ነዋ። ልክ ያልነበርሽው አንቺ ነሽ።"

ማራገቢያው ወረቀቶቹን እያነሳ ይመልሳቸዋል። የምሥራች ባጇን ከደረቷ ፈታችና በኢክራን ፊት አስቀመጠችው። "አንደኛ ቡድን እሷ አለቃ ትሁን። እኔ ሁለተኛ እገባለሁ፣ ከማርያን ሥር።" ወረቀቱን ስባ ፈረመች፣ ከዚያም ወደ ናሁሰናይ ገፋችው።

እሱ የያዘው ነገር ሁሉ አልቆበት ነበር። የሰሌዳው ነገር ተነግሯል፣ ማዕረጉ አልተነካም፣ የጠየቀውን አግኝቷል። እንቢ የሚልበት ምክንያት የለውም፤ ደስ የሚልበትም። ፈረመ።

ኢክራን ባጁን አንስታ መርፌውን በአውራ ጣቷ ሞከረችው። ደረቷ ላይ አላደረገችውም። "ይቅርታ ከጠበቅሽ ዛሬ አይደለም" አለች ለየምሥራች። ቀጥላ ወደ ናሁሰናይ ዞረች፤ "ካፒቴን፣ ከእንግዲህ ቁርስ በልቼ እመጣለሁ። አንተም ስትጽፍ እየጠየቅከኝ ጻፍ።"

አዲሱ ፕሮግራም ሲጀመር የመጀመሪያውን ሳምንት የሠራው ሁለተኛው ቡድን ነው። የምሥራች ጋሪውን ከኋላ እየገፋች ማርያን የምትላትን አደረገች። ሌሎቹ ሴቶች ያናግሯት ነበር፤ ስለ ውሃና ስለ ቀበቶ ብቻ። በየምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አረፈች። እንደዚያ ተኝታ አታውቅም ነበር፤ በዚያም አፈረች።

አርብ ሰባት ሰዓት ድሬዳዋ አረፉ። አንደኛው ቡድን አስፋልቱ ዳር ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የምሥራች ደረጃውን ስትወርድ ናሁሰናይ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ወደሷ መጣ። ቆመች። እጁን ዘረጋ፤ መዳፉ ላይ ቁልፉ ነበር።

"ሉቅማን ዘግቶ ጁምዓ ሄዷል" አለ።

ይህን ማናቸውም አላሰቡትም። አብዲቃድር አላሰበም፤ ዝርዝሩን አጥብቀው ያነበቡት ሁለቱም አላሰቡም። የሉቅማን ሱቅ አርብ በዚህ ሰዓት ተከፍቶ አያውቅም።

ቁልፉን ጣቱን ሳትነካ አነሳችው። ከኪሱ ስለወጣ ሞቋል።

"ሳል አላት" አለ።

"ደብተሩ ላይ ጽፈኸዋል?"

"ጽፌዋለሁ።"

"እንግዲያው እዚህ አትንገረኝ።"

አልሄደም። "ለውጡ ሁልጊዜ አርብ ነው። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት።"

"አውቃለሁ።"

"ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ።"

"ሽማግሌዎቹን ሂድና ጠይቃቸው። እኔ አልጠይቅም።"

"እኔም አልጠይቅም።"

ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ኢክራን ጠራችው። ባጁ ደረቷ ላይ ነው። "ካፒቴን፣ ሰዓትህን እይ።"

ሄደ። የምሥራች ባጃጅ ይዛ ሳቢያን ደረሰች። የሉቅማን ሱቅ በር እንደተዘጋ ነው። ቤቱን ከፍታ ገባች፤ ዮርዲ ከትምህርት ቤት ገና አልመጣችም፤ ወንበሩ እሷ ከማታስቀምጥበት ቦታ ተቀምጧል፤ መለሰችው። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ደብተር ገለጠች። በእሱ ጽሑፍ፣ "ሳል አላት። ሽሮፑን ከምግብ በኋላ።" ከዚያ በታች ሌላ መስመር ነበር፤ የዮርዲ ጉዳይ ያልሆነ የመጀመሪያው መስመር። "የሚመጣው አርብ፣ ሰባት ሰዓት፣ ደረጃው ሥር።"

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ብዕሩን አንስታ ከሥሩ ጻፈች፦

"አልዘገይም። አንተም አትዘግይ።"