ሹፌሩ ኮሪደር አይወጣም

ጡረተኛው የፍልስፍና መምህር ሆስፒታል ከተኛ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከድቶታል። ተማሪዎቹ «እንጃ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ አምላክ አለ ሲሉት እንጃ፣ የለም ሲሉት እንጃ። አሁን ያንገሸገሸው ሕመሙ ሳይሆን ጎረቤቱ ነው። አጠገቡ የተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ገና ጎህ ሳይቀድ ይነሳና፣ ደረቱ እያፏጨ፣ ክፍሉን በሙሉ በሚቀሰቅስ ድምፅ ይጸልያል። ሲጨርስ ደግሞ ወደ እንጃ ዞሮ፣ ለመንገደኛ ፌርማታ እንደሚጠቁም ሰው በትሕትና፣ ገሃነም እንደሚወርድ ይነግረዋል።

የእንጃ ልጅ አባቷ በእንቅልፍ እጦት ሲመነምን እያየች አላስችል አላት። የክፍሉን በሽተኞች አነጋገረች። ሁሉም ከሹፌሩ የተለየ እምነት ነበራቸውና ብዙ ማግባባት አላስፈለጋትም። ከእነሱ አንዱ፣ ቁስለኛ ግንበኛ፣ እንዲያውም በዚህ ሰው ጩኸት ቁስሌ አልሽር አለኝ ብሎ አረፈው። በጠያቂ ሰዓት የራሱ የግንበኛው ዘመዶች አልጋውን ከበው መስኮቱ እስኪርገበገብ ሲጸልዩለት ግን ያው ቁስል ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አቤቱታቸው የደረሳት ሲስተር መጣች። ሹፌሩን ወደ ኮሪደር ልታወጣው እንደሆነ፣ ነገር ግን የጎረቤቱን ቃል ሳትሰማ እንደማታደርገው ተናገረች። ኮሪደሩ በሩ የማይገጥም፣ ንፋስ የሚጫወትበት ቦታ ነው፤ ለእንዲያ ያለ ሳንባ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላጣውም። ሹፌሩ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ጨርሷል። ከእንጃ ምሕረት የሚጠብቅ አይመስልም።

«አባዬ፣ አዎ በልና ተኛ» አለች ልጁ።

እንጃ ዓይኑን ጨፈነ። አዎ ለማለት ምን ያህል እንደቋመጠ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«ሰውየው አድክሞኛል» አለ በመጨረሻ። «ግን ዕድሜ ልኬን ስጠራጠር ኖሬ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ልሳሳት እንደምችል ማወቅ ነው። ሊሳሳት የሚችል ሰው ደግሞ ሌላውን በጸሎቱ ምክንያት ብርድ ላይ አያወጣም። ችግሩ ድምፅ ከሆነ ሁላችንም እንቀንስ፤ የግንበኛው ዘመዶችም ጭምር።»

«እኔ ግን አልተሳሳትኩም» አለ ሹፌሩ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለው እንጃ።

ግንበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲስተሯም ከዛሬ ጀምሮ የሚጸልይ ሁሉ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ አዝዛ ወጣች። ልጁ አኮረፈች። «እንግዲህ አብረኸው ንቃ» አለችውና ግንባሩን ሳትስመው ሄደች። ከሁሉም የከበደው ይኼ ነበር።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል አንድ ሰው ወንበር እየጎተተ አልጋው ድረስ መጣ። ሹፌሩ ነው። ድምፅ ቀንስ ስለተባለ፣ ለእሱ የሚጸልይለትን እንዲሰማው ብሎ መቅረቡን በሹክሹክታ ነገረው።

«ጸልይልኝ» አለ እንጃ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «አሜን በል እንዳትለኝ ብቻ።»

ሹፌሩ በጠባብ መንገድ ወደ ኋላ እንደሚነዳ ሰው ቀስ ብሎ አሰበበት። ከዚያ ስለ እንጃ ነፍስ፣ ስለ እንጃ እንቅልፍም ጭምር ረጅም ጸሎት አደረሰ። ሲጨርስ ጥቂት ጠበቀ። ከአልጋው ምንም ቃል ሲያጣ፣ አሜኑን ራሱ ብሎ ወንበሩን ይዞ ተመለሰ።