ረጅሙ ሰላምታ

"ለመሆኑ ያቺ ልጅሽ ሥራዋ ምንድን ነው?" ብለው ጎረቤቶቿ ሲጠይቋት ላሙሳ ያኔ ወሬ ትቀይር ነበር። ልጇ ኖፖኮ የነርስነት ትምህርቷን ጥላ የቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ገባች፤ መጀመሪያ ለሌሎች ፊልም ሠሪዎች የመብራትና የካሜራ ገመድ ተሸከመች፣ ቀጥሎ ሠርግ ቀረጸች። ኋላ በራሷ ካሜራ የጭነት መኪና ሾፌሮችን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም ሠራች። ፊልሙ ባሕር ማዶ ድረስ ታየ፤ እናቷ ግን አላየችውም።

ዛሬ መልሱ በእናቷ ከተማ በኩዱጉ፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሊታይ ነው። አዲሱ ፊልም ስለ ማሽላ ጠላ ጠማቂዎች ነው፤ መጀመሪያ የምትታየውም ራሷ ላሙሳ ናት። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ከኋላ ፊልሙን ለጣቢያው ሊወስድ የመጣ የቴሌቪዥን ሰው ተቀምጧል።

"የመክፈቻው ሰላምታ ረዝሟል፤ ሰው ተነስቶ ይወጣብሻል" ብሏታል ለኖፖኮ።

"ከወጡ እቆርጠዋለሁ" ብላዋለች።

ላሙሳም ይህን ሰምታለች። ሲቀርጿት "ካሜራው እንደሌለ ሁኚ" ተብላ ነበር። ታዲያ ካሜራ ይዞ ደጇ የቆመን እንግዳ ሰላም ሳትል፣ ውሃ ሳታቀምስ እንዴት ወሬ ትጀምር?

ፊልሙ ጀመረ። ግድግዳው ላይ ያለችው ላሙሳ ውሃ የሞላውን ቅል በሁለት እጇ ዘረጋች። "እንዴት አደራችሁ?"

ላሙሳ የልጇን እጅ ጨመቀች።

"ደህና አደርን!" አለ ከፊት አንድ ሻካራ ድምፅ። ሽማግሌው ቶኤ ነበር።

"ቤተሰቡስ?"

"ደህና!" አሉ አሁን ሁሉም።

"ልጆቹስ? ማሽላውስ? ፍየሎቹስ?"

"ደህና! ደህና! ደህና!"

"ውሃውን አቀብዪን እንጂ፣ አንቺ ንፉግ ሞሲ!" ብሎ ቶኤ ጮኸ። እሱ የሳሞ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ በወጉ የቀልድ ወዳጆች የሆኑት ሞሲና ሳሞ ካልተሰዳደቡ የተገናኙ አይመስላቸውም።

"ዝም በል፣ አንተ ውሻ በሊታ! ፊልም እያየን ነው!" አለች ላሙሳ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ፊልሙ አለቀ፤ ማንም አልተነሳም። ሰላም የተባለና ውሃ የተዘረጋለት እንግዳ፣ በአገሩ ወግ የቤቱ ባለቤት "መንገድ ሳትሰጠው"፣ ሂድ ብላ ሳታሰናብተው አይሄድም።

"በይ ላሙሳ፣ መንገዳችንን ስጪን" አለ ቶኤ።

"አልሰጥም! የጠላው እንስራ ገና መች ተከፈተ?"

እልልታው ሲቀልጥ የቴሌቪዥኑ ሰው ወደ ኖፖኮ ጠጋ አለ።

"ጥሩ ነው፤ ለእኛ ግን አሁንም ይረዝማል። ትቆርጪዋለሽ?"

ኖፖኮ እናቷን አየች። ላሙሳ ጠላ በቅል እያደለች ነው።

"አልቆርጠውም።"

ሰውየው ቦርሳውን አንስቶ ወጣ። ሌላው ሰው ሁሉ እዚያው ቀረ።