አልነሳ ያለው የማዕረግ ሞተር

ሽኩር ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ዘግይቶ ነው። ወሬው ቆላ ወርዶ እስኪያገኘው ድረስ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ለቀስተኛውም ወደየአውድማው ተመልሷል። ቢሆንም ሞተር ሳይክሉን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ እንደ ደንቡ ከበር ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለ ገባ። የሟች እናት ጥሩሸዋ ከቤት ወጥተው አብረውት አለቀሱ።

አንዷለም አላለቀሰም። ከግድግዳው ተደግፎ አያቸው። ወንድሙ ማዕረግ ከተቀበረ ወዲህ ከዓይኑ እንባ ጠብ ብሎ አያውቅም። ሰው ሲያለቅስ ማየት ለእሱ ማዶ ለማዶ ሌላ ሰው ሲያርስ እንደማየት ነው። ሲሰጡት ይበላል፤ ተኛ ሲሉት ይተኛል።

ሽኩር እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ ወደ አንዷለም ጠጋ አለ።

"ሞተሩ የት ነው?"

"ከጎተራው ሥር።"

"ልየው?"

"እየው።"

ያቺን ሞተር ለማዕረግ የሸጠለት ሽኩር ነው። ማዕረግ ከየመንደሩ ሸማኔ የበግ ጠጉር ባና እየሰበሰበ ሞላሌ ገበያ ያወርድ ነበር፤ ሽኩር ደግሞ ከቆላ በርበሬ ይዞ ይወጣል። እዚያው ገበያ ላይ ተዋውቀው አንዱ ለሌላው ደንበኛም ጓደኛም ሆኑ። ሽኩር ሌላ ሞተር ሲገዛ አሮጌዋን፣ ቀይ ቀለሟ የተላጠውን፣ "ከባዕድ አንተ ውሰዳት" ብሎ ለቀቀለት።

ያን እሑድ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ማዕረግ ቅዳሜ ማታ ከሞላሌ በሞተሩ ደኅና ገባ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሆዱን ቆረጠው። ብርድ ነው ተብሎ ፌጦ ተበጠበጠለት። ረፋዱ ላይ ግን ተጣጥፎ ከመደቡ ወደቀ። አንዷለም ከኋላው አፈናጥጦ ሞላሌ ጤና ጣቢያ ሊያደርሰው ሞተሩን አወጣና ረገጠ። አንዴ ሳል አለችና ዝም አለች። ደጋግሞ ረገጠ፤ ቁልቁለት ላይ ገፍተው አሯሯጧት፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛ ታሰረ። የሞላሌ ቆርቆሮ ከሚታይበት ጉብታ ላይ ሲደርሱ ማዕረግ "እስቲ አንዴ አሳርፉኝ" አለ። አሳረፉት። ዳግመኛ ሲያነሱት ሬሳ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰው አፍ ተከፈተ። ገሚሱ "ያ የቆላ ነጋዴ የሞተች ሞተር ሸጦለት ነው" አለ። ገሚሱ ግን የባሰውን አመጣ። ማዕረግ ሞተሩን ባቆመ ቁጥር ከታንከሩ ሥር ያለችውን የቤንዚን መክፈቻ የመዝጋት ልማድ ነበረው፤ ሊያስነሳ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ እሷን መክፈት አለበት። "አንዷለም ደንግጦ ሳይከፍት ነው ሲረግጥ የዋለው" ተባለ። አንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተወራ። እሱ ሲቀርብ ወሬው ወደ ማዳበሪያ ይዞራል።

አንዷለም አልተከራከረም። አያስታውሰውማ! ከቀብር ሲመለስ ሄዶ አይቶ ነበር፤ መክፈቻው ተዘግቷል። ነገር ግን ሞተሩን ወደ ጎተራው የመለሷት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ይዝጉት እሱ ይተወው ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ እጁን አላሳረፈባትም። ከፍቼ ነበር ወይስ አልከፈትኩም? ከዚህ ሌላ ሐሳብ የለውም። የሚፈራውም መልሱን ነው።

ሽኩር ፒንሳና ካቻቢቴ ከራሱ ሞተር አምጥቶ ተንበረከከ። መጀመሪያ የነካው ያችኑ መክፈቻ ነው።

"ተዘግቷል" አለ።

ሽኩር ከፍቶ ተነሣና ረገጠ። ምንም የለም። ጋቢውን አውልቆ ደግሞ ረገጠ። ሳል እንኳ አላለችም።

"እንግዲህ ተከፍቶም አትነሳም" አለና አንዷለምን ቀና ብሎ አየው። ወሬው እሱም ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። "አንዱዬ፣ ቆይ፣ ገና ነው።"

ታንከሩን ነቀነቀው፤ ውስጡ ተንቦጫቦጨ። እሳት ሰጪውን ካንዴላ ፈታ፤ ርሷል። በሸሚዙ ጫፍ አድርቆ ከገመዱ ጋር ገጠመና ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክቶ ያዘው።

"እርገጥ።"

አንዷለም ረገጠ። በካንዴላው አፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ጧ አለች።

"እሳት አለው፤ ቤንዚን አለው፤ ታዲያ ምን ጎደለው?" አለ ሽኩር። "እኔ ዘንድ ሳለች እንዲህ አኩርፋ አታውቅም። መንዝ ከርማ ግትር ሆነች መሰለኝ።"

ማዕረግ ቢኖር ለዚህ መልስ አያጣም ነበር። "ቆለኛ ሁሉ ደጋ ሲወጣ ያስለዋል" ይለው ነበር። ሁለቱም ያንን መልስ የጠበቁ ይመስል ወደ ቤቱ በር አዩ።

ሽኩር ቤንዚኑን ለሞተሩ ወደሚያቀብለው ካርብራተር ዞረ። "ጣሳ ስጠኝ።" አንዷለም ትልቅ የቲማቲም ጣሳ አቀበለው። ሽኩር ከካርብራተሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ሲያላላት የወረደውን በጣሳው ተቀበለና ወደ ብርሃን አወጣው። ከላይ ቢጫው ቤንዚን ሰፍፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ጥርት ያለ ሌላ ነገር ተኝቷል። ጣቱን አጥልቆ አሻሸው።

"ውሃ ነው።"

"የምን ውሃ?"

"ውሃ ነዋ፣ ወንድሜ! ታንከሩ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ውሃ ከባድ ስለሆነ ከሥር ይተኛል፤ ሞተሩ የሚጠጣው እሱን ነው። በዚህ ዓይነት አንተ ቀርቶ የሠራው ፋብሪካ ቢረግጣትም አትነሳም።"

አንዷለም ጣሳውን ተቀብሎ አየው። መልሱ ይኸው ነው። ከፍቶም ቢሆን ሳይከፍት፣ ለውጥ የለውም። ደስ ይለኛል ወይም አለቅሳለሁ ብሎ ጠበቀ። አንዱም አልመጣም።

"ዝናብ ይሆን?" አለ።

"በኅዳር ምን ዝናብ አለ? ክዳኑም ጥብቅ ነው። ሰው ነው የጨመረው። ጠላት ነበረው እንዴ?"

"ማዕረግ? የለውም።"

ይህን ሲነጋገሩ ጥሩሸዋ ከቤት ወጡ። ሽኩር ጠላ እንደማይጠጣ ስለሚያውቁ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ይዘውለት መጥተዋል። አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሞተሩን አዩት።

"እኔን የሚገርመኝ" አሉ፣ "ጠበሉን ጠጥታ እምቢ ማለቷ ነው።"

የሽኩር እጅ ቆሎው ላይ ቆመ።

"የምን ጠበል፣ እምዬ?" አለ አንዷለም።

"የሚካኤልን ነዋ። በክረምቱ ሁለቴ ጥላው አልነበር? ዓይን ነው ብዬ ያን እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ በጠርሙስ ያመጣሁትን አጠጣኋት። ቄሱ እንኳ 'መርጨት ይበቃል' ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ዳማው ፈረሳችን ሲታመም በአፉ አንቆርቁረንለት አይደል የዳነው? ፈረስም ይጠጣል፤ ይችም ለልጄ ፈረሱ ናት አልኩ። ቤንዚን የሚያጠጣበትን ክዳን ሲከፍት አይቼ አውቃለሁ።"

"ሙሉውን ጠርሙስ፣ እማማ?" አለ ሽኩር በቀስታ።

"ለራሴ ጠብታ አላስቀረሁም!"

ይህን ያሉት በኩራት ነው፤ ለልጃቸው ያልሰሰቱት ነገር እንደሌለ እንዲታወቅላቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከለቅሶው ወዲህ ፊታቸው ከስቶ፣ ጉንጫቸው ላይ የነጩት ቁስል ገና ቅርፊቱ አልረገፈም።

አንዷለም እናቱን አየ፤ ጣሳውን አየ። አንድ ቃል ቢናገር የአርባው ተዝካር ላይ ከሰው ጋር ቀና ብሎ ይቀመጣል። የሽኩርም ስም ይጸዳለታል። አንድ ቃል ብቻ ናት። ሽኩር መሬት መሬቱን እያየ ነበር።

"ታዲያ ምን ሆና ኖሯል? አገኛችሁት?" አሉ ጥሩሸዋ።

"መክፈቻው ነው" አለ አንዷለም። "የቤንዚኑ። ተዘግቶ ነበር። ሳልከፍተው ነው የረገጥኩት።"

ቃሉ ከአፉ የወጣው አስቦበት አይደለም። ሲወጣም አልከበደውም። እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ራቅ ካለ ቦታ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

ጥሩሸዋ ወደ ሽኩር ዞሩ። "እውነቱን ነው?"

ሽኩር በቃሉ የሚቀልድ ሰው አይደለም።

"እኔ ስመጣ ተዘግቶ ነው ያገኘሁት፣ እማማ" አለ። ይህም እውነት ነው።

እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ሰፌዱን ከጭናቸው አውርደው ተነሡ። አንዷለም ዱላ ቢያነሱበትም ንቅንቅ ባላለ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑ።

"እግዜር ይፍታህ" አሉ። "እኔም ፈትቼሃለሁ። ደንግጠህ ነው እንጂ፣ ወንድምህን ጠልተህ አይደለም።"

"አሜን" አለ አንዷለም።

ወደ ቤት ገቡ። የገቡበትን በር ከውስጥ ገርበብ አደረጉት።

ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ ታንከሩን እስከ መጨረሻው ቀዱት። ሽኩር ለመንገዱ ከያዘው ጀሪካን ንጹሕ ቤንዚን ጨመረ፤ ካርብራተሩን በአፉ ነፍቶ ገጠመው። ካንዴላውን አሠረ።

"አንተ እርገጣት" አለ።

አንዷለም መክፈቻውን በእጁ ነክቶ መከፈቱን አየ። ረገጠ። በሁለተኛው ተነሣች። ያ የታወቀው ድምፅ፣ የማዕረግ ከገበያ መምጫ ድምፅ፣ ግቢውን ሞላው። ተኝቶ የነበረው ውሻ ብድግ ብሎ ጭራውን እየቆላ ወደ በሩ ሮጠ፤ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አየና እዚያው ቆመ። ከቤት ውስጥ የጥሩሸዋ ልቅሶ ተሰማ።

አንዷለም አጠፋት።

ሽኩር ጋቢውን ለብሶ ዕቃውን ሰበሰበ። ከታንከሩ የቀዱትን ሁሉ ጨምሮበት አፉ ድረስ የሞላውን ጣሳ አነሣና ግራ ገብቶት ቆመ።

"ይሄንንስ የትም አልደፋውም" አለ። "የናንተ ጠበል ነው።"

"አምጣው። ጠበል ሰው ከማይረግጠው ቦታ ነው የሚፈስ።"

አንዷለም ጣሳውን ይዞ ከጓሮው ካብ ማዶ ካለው ጽድ ሥር ሄደ። ጎንበስ ብሎ ቀስ አድርጎ አፈሰሰው። ቤንዚን ቤንዚን ሸተተው። መሬቱ ቶሎ አልጠጣውም፤ ከሥሩ ላይ ቀለም እያወጣ ትንሽ ቆየ። አንዷለምም ፈሳሹ ተውጦ እስኪያልቅ ድረስ ጣሳውን እንደያዘ ቆሞ አየው።