አያስታውቅም

«ተነስና ትንሽ ተራመድ» አለው ዱካሞ በሹክሹክታ።

ሚስባህ ከአልጋው እስከ ቁም ሳጥኑ ሄዶ ተመለሰ። ቀኝ ወገቡ ላይ የሻጣት ጥቁር ሽጉጥ የጃኬቱን ጫፍ ወደ ውጭ ገፍታዋለች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ሽማግሌዎቹ ለሟች ወንድሙ ለጣሃ ከቁርኣን ያሲንን እየቀሩለት ነው። ጣሃ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ይቺ ታስታውቃለች፤ አውጣት» አለ ዱካሞ። «እስቲ ያቺን ሞክር።»

አልጋው ላይ በተዘረጋው ፎጣ ላይ ሁለት ቀርተዋል፤ አንዲት ያረጀች ስድስት ጎራሽና አንዲት ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ጠፍጣፋ ሽጉጥ። ሚስባህ ጠፍጣፋዋን ላለማየት ስድስት ጎራሿን አነሳ።

ዱካሞ የከምባታ ሰው ነው። አሌክሳንድራ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ከነሚስባህ ሱቅ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው። ጴንጤ ቢሆንም ሦስቱንም ቀን እነሚስባህ እስከሚኖሩበት እስከ ትሮይቪል እየተመላለሰ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከሙስሊሞቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ውሏል። ዛሬ ሲመጣ ሁለት ፌስታል ይዞ ነበር። አንደኛው ዳቦ ነው፤ ለሴቶቹ ሰጣቸው። ሁለተኛውን ይዞ ሚስባህን ጠቅሶ ወደ ጓዳ ገባ። ሽጉጦቹን የሚሸጠው ሰው እስከ ማታ አማርጡ ብሎታል፤ ያልተመረጡትን ይመልስለታል። ልክ እንደ ጫማ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰሞኑን ለዚህ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ የሽጉጥ አዋቂ ሆኗል። በኮሮናው ሳቢያ መንግሥት የሰው ቁጥር ስለወሰነ ለቀስተኛው በአሥር በአሥር እየገባ ይወጣል። የገባው ሁሉ አላህ ይርሐመው ይላል፣ ሰብሩን ይስጣችሁ ይላል፣ ሻዩን ሁለቴ ፉት ይልና ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ይጠጋል። «ባዶ እጁን ሆኖ እኮ ነው። አንዲት ሽጉጥ ብትኖረው ኖሮ...» ከዚያ ይነሳና ሌሎች አሥር ይገባሉ፤ ያችው ወሬ እንደ አዲስ ትጀመራለች። ሚስባህ በሦስት ቀን ስንቴ እንደሰማት አያውቅም።

ጣሃ ባዶ እጁን አልነበረም። ይህን የሚያውቀው ሚስባህ ብቻ ነው። ለፖሊስ አልተናገረም፤ በጥገኝነት ወረቀት የሚኖር ሰው የሽጉጥ ፈቃድ አያገኝም፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ደግሞ ወረቀቱን ያስነጥቃል። ለሽማግሌዎቹ አልተናገረም። ለጣሃ ሚስት ለራዚያም አልተናገረም፤ እሷን ባሰበ ጊዜ ደግሞ ምክንያት የሚለው ነገር ያጣል። ነገ ሱቁ መከፈት አለበት። ሱቁን ያከራየቻቸው፣ ጎጎ የሚሏት አሮጊት፣ ጠዋት ደውላ ልጆች ሊሰብሩት ጣሪያውን እያዩ ነው፣ ካልከፈታችሁ ለሌላ ሰው ልስጠው ብላለች። ሚስባህ ትናንት ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ አንድ ነገር ወስኗል። ለራዚያ ሳይነግራት ሁለተኛ ሽጉጥ ይዞ ወደዚያ ሱቅ አይሄድም።

«እሷም አትሆንም» አለ ዱካሞ። «ሆዷ ወፍራም ነው። ያቺን አንሳ ስልህ።»

ሚስባህና ጣሃ የመጀመሪያዋን ሽጉጥ የመረጡት በሚያዝያ ነበር፣ ሱቃቸው ለሁለተኛ ጊዜ ከተዘረፈ በኋላ። አንድ ሰው መኪናውን ከመቃብር ስፍራ አጥር ጋር አቁሞ ሁለት ሽጉጥ በጋዜጣ ላይ ዘረጋላቸው። ጣሃ ወዲያው ትልቋን አነሳ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ከሕፃን ጋር ሳይቀር የሚቀልድ፣ ደንበኛውን ሁሉ ማይፍሬንድ እያለ የሚጠራ፣ ደንበኛውም ማይፍሬንድ እያለ የሚጠራው። ሽጉጧን ይዞ ሲታይ የሰው ዕቃ ያነሳ ይመስል ነበር።

«ይቺ ትሻላለች» አለ። «ሌባው ካየ ይፈራል። እኔ እንደሆንኩ አልተኩስባትም። ካልታየች ምን ትሠራልኛለች?»

«ሌባው ሲያያት ፖሊስም ያያታል» አለ ሚስባህ። «በየመንገዱ እየፈተሹ ነው። አንዴ ቢያገኙብህ እስር ቤት፣ ከእስር ቤት አየር ማረፊያ። ራዚያን ምን ልላት ነው?»

ጣሃ ትልቋን አስቀመጠ። ታናሹ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስለደረሰና እንግሊዝኛው ከእሱ ስለሚሻል፣ በወረቀትና በፖሊስ ነገር ሁሌም ይሰማዋል። ትንሿን ወሰዱ። በማግስቱ ከመክፈታቸው በፊት ሱቁ ውስጥ ሞከሯት፤ ጣሃ ሽጉጧን ደብቆ በመደርደሪያዎቹ መካከል ወዲህና ወዲያ አለ፣ ሃምሳ ኪሎ ዱቄት ተሸክሞ አወረደ። ሚስባህ ፖሊስ ሆኖ አስቆመው። ወገቡን ዳበሰ፣ ጀርባውን ዳበሰ፣ ተንበርክኮ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዳበሰ። አጣት። ጣሃ በሳቅ ፍርስ ብሎ፣ «ጃኬቴ ውስጥ ናት፣ የት እንደሆነች ግን አልነግርህም» አለው። ሚስባህም ሳቀ። ኮራም። ጥሩ ዕቃ የመረጠ ሰው የሚሰማው ኩራት ነው የተሰማው፤ አሁን ያንን ኩራት ሲያስበው ራሱን ይጠላል።

«አያስታውቅም» አለ ዱካሞ።

ሚስባህ ደነገጠ። ሳያስበው ጠፍጣፋዋን ሽጉጥ ወገቡ ላይ ሽጧት ቆሟል። ዱካሞ ዞሮ አየው፣ ቁጭ ብድግ አሰኘው፣ ጥግ ላይ የቆመውን የሩዝ ጆንያ አስነሳው።

«በጭራሽ አያስታውቅም» አለ በድጋሚ። «ይቺ ናት ያንተ።» ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የቀሩትን ሁለቱን በፎጣ መጠቅለል ጀመረ። «ወንድሜ አቢሶ አምና ሲሞት እጁ ላይ ምንም አልነበረም። ስልኩን ሰጣቸው፣ ገንዘቡን ሰጣቸው፣ ከሰጣቸው በኋላ ነው የመቱት። ከዚያ ወዲህ እኔ ሽንት ቤት ስሄድም ይዤ ነው። እንቅልፍ ግን አልተኛሁም፣ አልዋሽህም።»

ሚስባህ ለዚህ ሰው ሊነግረው አፉ ላይ ደረሰ። መልሶ ዋጠው። መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሦስት ልጆች ማስክ አድርገው ገቡ። ድሮ ፊቱን የሸፈነ ሰው ሱቅ ሲገባ ባለሱቁ በጓሮ ይሮጥ ነበር። አሁን ግን ፊቱን ያልሸፈነው ነው የሚባረረው፤ ጣሃ ራሱ ማስክ የሌለው አይገባም ብሎ በር ላይ ጽፏል። እንደ ወጉ ተራ በተራ እጃቸው ላይ ሳኒታይዘር ረጨላቸው። እነሱም አመስግነው እጃቸውን በደንብ አሻሹ። ሚስባህ ከኋላ፣ ከመደርደሪያው ወዲያ፣ ስኳር በትንንሽ ፕላስቲክ እየከፈለ በክፍተቱ ያያቸው ነበር።

አንደኛው ቢላዋ አወጣ። ሽጉጥ አልነበራቸውም፤ ቢላዋ ብቻ ነው። ጣሃ ባለፉት ሁለት ዘረፋዎች እንዳደረገው እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። ያኔ ሲጋራና ገንዘብ ወስደው ሄደዋል፣ ሱቁም በማግስቱ ተከፍቷል። አሁንም እንዲያ ይሆን ነበር። ሌላው ልጅ ግን ባንኮኒውን ዘሎ ስልክ ፍለጋ ደረቱን ዳበሰውና እጁ ቆመ።

«ኡኔሲባሙ» አለ። ሽጉጥ አለው ማለት ነው።

«ታታ፣ ማይፍሬንድ፣ ታታ» አለው ጣሃ። ውሰድ፣ ውሰዳት እያለው ነበር፤ እጆቹን አላወረደም። ሚስባህ በዱቤም በቀልድም ሳቢያ በቀን መቶ ጊዜ የሚሰማት ማይፍሬንድ የምትለዋ ቃል ስትለምን የሰማት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ከጃኬቱ ውስጥ መዝዞ አወጣት። ከዚያ ሽጉጧ ጮኸች። ትንሽ ስለሆነች ድምፅዋ ትንሽ ነው ብሏቸው ነበር ሻጩ። ዋሽቷል። ሚስባህ የስኳሩን ማንኪያ ይዞ በቆመበት ቀረ። ልጆቹ ሽጉጧን ይዘው እስኪወጡ አልተንቀሳቀሰም። ከወጡም በኋላ ቶሎ አልተንቀሳቀሰም።

ዱካሞ ፎጣውን በፌስታል ከትቶ ወጣ። ሳሎን ያሉት ዱዓ አድርገው ምግብ ሲቀርብላቸው ሚስባህ በኮሪደሩ አልፎ ራዚያ ያለችበት ክፍል በር ላይ ቆመ። በሩ ላይ ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ ተሰቅሏል። ራዚያ ዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም፣ ባዕድ ወንድ ፊት አትቀርብም። ሚስባህ ስድስት ዓመት ከእሷ ጋር በአንድ ገበታ በልቷል። ጨው አበዛሽ ብሎ አናዷታል፣ መቼ ነው የምታገባው እያለች አናዳዋለች። ጣሃ ሲሞት እሱም ባዕድ ሆነ።

«ሙርሺዳ» ብሎ ተጣራ።

የራዚያ አክስት ልጅ ሙርሺዳ መጋረጃውን በትንሹ ገልጣ አየችው። ዓይኖቿ አብጠዋል። «ምን ፈለግህ?»

«ራዚያን ላናግራት።»

ሙርሺዳ ወደ ውስጥ ዞራ አየች። ከዚያ መጋረጃውን መልሳ በዚያው በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«አለሁ» አለች ራዚያ ከውስጥ።

ሚስባህ ግንባሩን የበሩ መቃን ላይ አስደገፈ። «ጣሃ ባዶ እጁን አልነበረም» አለ።

ሳሎን ውስጥ ሳህን ይንኳኳል፤ ሰው ያወራል።

«አውቃለሁ» አለች። «ኪሱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከብብቱ ስር፣ ከገበሩ ውስጥ። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር። ሲያጎነብስ እንዳትወድቅበት ቁልፍ ተከልኩበት። ጠበቅ አድርጌ ነው የተከልኩት። ሚስባህ፣ በአላህ ይዤሃለሁ እውነቱን ንገረኝ። ያንን ቁልፍ ሲፈታ ነው የደረሱበት?»

ሚስባህ ያኔ ገባው። ከማክሰኞ ጀምሮ ይህቺ ሴት ከመጋረጃው ጀርባ ያንን ቁልፍ በሐሳቧ ስትፈታና ስትቆልፍ ነው የከረመችው። እሱ በአንድ ቃል ሊያሳርፋት ሲችል ራሱን ሲያድን ዝም ብሏታል።

«አይደለም» አለ። «እጁን ወደ ኪሱ አልሰደደም። ሁለቱም እጆቹ ወደ ላይ ነበሩ። ቢላዋ ብቻ ነበር የያዙት። ሲፈትሹት አገኟት፣ በእሷው መቱት። እሱ ትልቋን ነበር የፈለገው። ትንሿን ይያዝ ያልኩት እኔ ነኝ። ገደልኩት እንጂ አላዳንኩትም፣ ራዚያ። ከኋላ ቆሜ ሳይ ነበር።»

ሙርሺዳ አፏን በሻርፗ አፍና ስታለቅስ ተሰማው። ራዚያ አላለቀሰችም። ብትረግመው ይቀለው ነበር፤ ውጣ ብትለው ይቀለው ነበር።

«ነገ ትከፍታለህ?» አለች።

«ጎጎ ደውላለች። ካልከፈትን ለሌላ ሰው ትሰጠዋለች።»

«ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«የቷን?»

«ትንሿን» አለ።

ያዛት ወይም አትያዛት እንድትለው ፈልጎ ነበር የመጣው። አሁን ግን የምትለው ነገር እንደሌላት አወቀ። አቢሶ ሳይዝ ሞቷል፤ ጣሃ ይዞ ሞቷል። ሱቁ ካልተከፈተ ደግሞ የምትበላውም፣ ወራቤ ላሉት እናታቸው የሚላከውም የለም። ሦስት ቀን ሙሉ አሥር አሥር ሰው ገብቶ ሲመክር ከዚህ የተሻለ መንገድ ያወቀ የለም።

«ጃኬትህን አምጣ» አለች ራዚያ።

አውልቆ ሰጠ። የሙርሺዳ እጅ ተቀብሎ ወደ ውስጥ አስገባው። መቀስ ሲቆርጥ ተሰማ። ሙርሺዳ አንድ ነገር ልትል ስትጀምር ራዚያ «ተይኝ» አለቻት።

«በየትኛው እጅህ ነው የምታወጣት?»

«በቀኝ።»

«ቁልፍ አላደርግበትም» አለች።

በሸሚዝ ብቻ፣ ሽጉጧን ከስሩ ደብቆ፣ ቀዝቃዛው ኮሪደር ላይ ቆመ። የበሉት ለቀስተኞች አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ እያሉት ወጡ፤ ሌሎች አሥር ገቡ፤ ያ የባዶ እጅ ወሬ ሳሎን ውስጥ እንደገና ሲጀመር ሰማው። ራዚያ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ተሰማ። ጃኬቱ በመጋረጃው ስር ተገፍቶ ወጣ። ሚስባህ ጎንበስ ብሎ ሳበው፤ አንደኛው እጅጌ ግን አልመጣለትም። ራዚያ ከወዲያ ይዛዋለች። ዳግመኛ አልሳበውም። ወለሉ ላይ ተቀመጠና ከጃኬቱ የደረሰውን ያህል ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እስክትለቀው ጠበቃት።