ውሃውን የለቀቅሁ ዕለት

ሰነፍ የሚለኝ ሰው የለም። ችኩል ግን ነኝ፤ እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ያንተ እግር ከዓይንህ ይቀድማል» ትለኝ ነበር። የታመሙ የባሕር እንስሳት በሚታከሙበት በዚህ ግቢ አሥራ ሁለት ዓመት ገንዳ ስሞላና ሳፈስ ኖሬአለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት የአንደኛውን ገንዳ ውሃ እለቃለሁ፤ ወይዘሮ ትመዘናለች። ወይዘሮ የምንላት ማናቲዋን ነው፤ ግማሽ ቶን የምትመዝን፣ ቀኑን ሙሉ ቅጠል ስታኝክ የምትውል የባሕር ላም። ውሃው ሲያልቅ ወለሉ ላይ ተዘርግታ ታዛጋለች። እንደኛው በአፍንጫዋ አየር ነው የምትስበው፣ ምን ቸገራት!

ሻሽ ግን ሌላ ናት። ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ናት፤ ስትዋኝ ነፋስ የወሰደው ሻሽ ትመስላለች። የምትተነፍሰው ከውሃው ነው፤ ውሃ ከሌለ እሷም የለችም። የሁለቱም ዘር ከባሕር ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ሻሽ ደግሞ አርግዛለች፤ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

ያን ሐሙስ የማፍሰሻውን ቧንቧ ከፍቼ ሚዛኑን ላመጣ ሄድኩ። ለካ ረቡዕ ከሰዓት ወይዘሮንና ሻሽን ገንዳ አቀያይረዋቸዋል። በሩ ላይም በትልቁ ተጽፏል። ማን ያነባል? እኔ እኮ ይህን ግቢ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ!

ስመለስ ሻሽ ወለሉ ላይ ተለጥፋለች። የክንፏ ጫፍ ብቻ ይርገበገባል።

«ዶክተር! ኧረ ድረሱልኝ!»

የእንስሳት ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። «ማን ከፈተው?» አለች። ሸራ ጎትቼ አመጣሁ። ሻሽን በሸራ አንስተን ሮጥን። «ከጅራቷ ይራቁ፣ እሾኋ መርዝ ነው!» ትለኛለች፤ ማን ሰምቷት! ወይዘሮ ያለችበት ገንዳ ውስጥ ከነልብሳችን ገባን። ውሃው በሆዷ በኩል ባሉት መተንፈሻ ስንጥቆች እንዲያልፍ ሻሽን ወደፊት እየገፋን ዞርን። አንድ ዙር። ሁለት። ወይዘሮ አጠገባችን ብቅ ብላ እፎይ ብላ ተነፈሰች፤ ያን ጊዜ ጠላኋት።

«የኔ እናት፣ ባክሽ ተንፍሺ!» አልኳት ሻሽን።

በሰባተኛው ዙር ስንጥቆቹ ተከፈቱ፣ ተዘጉ፣ ደግሞ ተከፈቱ። «ተመስገን!» ብዬ ጮኽኩ።

ወዲያው ውሃው ቀላ። መዳፍ የሚያክሉ ሁለት ግልገሎች ያለጊዜያቸው ወጡ። አንዱም አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ነኝ የከፈትኩት» አልኩ። «ጽሑፉን አላነበብኩም።»

ዶክተሯ ግልገሎቹን በሁለት እጇ ሰበሰበች። «እናትየዋ ተርፋለች» አለች ሳታየኝ። «ይውጡ፣ ይበርድዎታል።»

ምነው በሰደበችኝ!